ድንኳኑን ያፈረሰው ማን ነው?

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ያደረግኩት ንግግር ነው። ከተቀዳው ላይ ገልብጬ የተደጋገመውን ቀነስኩ፣ ጥያቄዎቹንም አሳጠርኩ። ሌላው እንደተባለው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ።

ስትገቡ በሩ ላይ የቆመችው ልጅ ቁራጭ ወረቀት ሰጥታችኋለች። ግማሻችሁ ቢጫ፣ ግማሻችሁ አረንጓዴ ይዛችኋል። «ቢጫ በግራ፣ አረንጓዴ በቀኝ» ተባላችሁ፤ ተቀመጣችሁ። ለምን ብሎ የጠየቀው ሦስት ሰው ብቻ ነው፤ ልጅቷ ቆጥራ ነግራኛለች። ሌሎቻችሁ ሰተት ብላችሁ ገባችሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ወረቀቱ ምንም ትርጉም የለውም። እጇ ያገኘውን ነው ያደለቻችሁ። ግን ቅድም፣ ማይክራፎኑ አልሠራ ብሎ ስንታገል፣ አንድ ነገር አየሁ። በግራ በኩል ወንበር አነሰና አንድ ወጣት ከቀኝ በኩል ሊወስድ መጣ። አንዲት እህት «ይቅርታ፣ ይሄ የአረንጓዴ ነው» አለችው። እየሳቀች ነው ያለችው። ወንበሩን ግን አልሰጠችውም። (ሳቅ)

አይዞሽ እህቴ፣ ላሳፍርሽ አይደለም። አንቺ ባትይው ሌላ ሰው ይለው ነበር።

ይህን ጨዋታ የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም። ሥነ ልቦና የተማረ ሁሉ ሄንሪ ታጅፌል የሚባል ስም ያውቃል። ስለ ጥናቱ ከማውራቴ በፊት ስለ ሰውየው ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ሕይወቱ ከጥናቱ ይበልጥ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ። በ1919 ፖላንድ ውስጥ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። እዚያ ለአይሁድ የዩኒቨርሲቲው በር ጠባብ ስለነበር ኬሚስትሪ ሊማር ፈረንሳይ ሄደ። ጦርነት ሲመጣ የፈረንሳይን ጦር ተቀላቀለ፤ በ1940 ጀርመኖች ማረኩት። አምስት ዓመት በምርኮኛ ካምፕ ኖረ። አይሁዳዊነቱን አልደበቀም። የደበቀው ፖላንዳዊነቱን ነው። ፈረንሳዊ አይሁዳዊ ምርኮኛ በሕይወት ሊቆይ ይችል ነበር። ፖላንዳዊ አይሁዳዊ መሆኑ ቢታወቅ ግን አበቃለት።

እስቲ አስቡት። ጠባዩ ያው ነው፣ መልኩም ያው ነው። ጠባቂው ቢወደውም ቢጠላውም ለውጥ አያመጣም። ሞትና ሕይወቱን የሚለየው መዝገብ ላይ የተጻፈ አንድ ቃል ነው። ጦርነቱ አልቆ ሲመለስ ከቤተሰቡና ከወዳጆቹ አብዛኞቹ አልነበሩም። ኬሚስትሪውን ተወው።

ታጅፌል በኋላ እንግሊዝ ገብቶ ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር አንድ ጥያቄ ይዞ ተነሳ። ሰው ለወገኑ ለማድላት ቢያንስ ምን ያስፈልገዋል? ታሪክ፣ ቂም፣ ቋንቋ፣ የመሬት ክርክር፣ ሁሉንም አውጥተህ ብትጥልስ? ባዶ ቡድን ብትፈጥርስ? ሐሳቡ ከዜሮ ጀምሮ አንድ በአንድ እየጨመረ፣ አድልዎው የት ላይ ብቅ እንደሚል ማየት ነበር።

14 እና 15 ዓመት የሆናቸው ተማሪዎችን ሰበሰበ። ለአንዳንዶቹ ግድግዳ ላይ ነጠብጣቦችን ብልጭ እያደረገ ስንት እንደሆኑ አስገመታቸው። ለሌሎቹ የሁለት ሠዓሊዎችን ሥራ፣ የክሌን እና የካንዲንስኪን፣ አሳይቶ የቱን እንደሚወዱ ጠየቃቸው። ከዚያ «አንተ ከካንዲንስኪ ወዳጆች ነህ፣ አንተ ከክሌ» ተባሉ። ምደባው ውሸት ነው፤ ዕጣ ነው። ልጆቹ ለየብቻ ገብተው፣ ቁጥር ብቻ ለሚያውቋቸው ሰዎች ነጥብ ያድላሉ። ነጥቡ በኋላ በሳንቲም ይመነዘራል። ለራስ መስጠት አይቻልም። ማን ከማን ቡድን እንደሆነ ፊት ለፊት አያዩም፣ አይነጋገሩም።

ገና ዜሮው ላይ አድልዎው ብቅ አለ። ለወገናቸው አደሉ።

እስከዚህ ድረስ ምንም አይገርምም ትሉ ይሆናል። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ብለን ያደግን ነን። የሚገርመው ያከፋፈሉበት መንገድ ነው። ከቀረቡላቸው ሰንጠረዦች አንዱ እንዲህ ነበር። በአንደኛው ጫፍ ለወገንህ 19፣ ለሌላው 25 ትሰጣለህ። መሃሉ ላይ 13 ለ13 አለ። በሌላኛው ጫፍ ለወገንህ 7፣ ለሌላው 1። ወገንህን የምትወድ ከሆነ መልሱ ቀላል ነው፤ 19 ስጠውና ይክበር። የሚከፍለው ያ ፈረንጅ አጥኚ እንጂ አንተ አይደለህም። ልጆቹ ግን ከወገናቸው ትርፍ እየቀነሱም ቢሆን ከሌላው መብለጥን ደጋግመው መረጡ። ሁሉም እስከ ጫፍ አልሄዱም፤ እኩል ማካፈልም ይስባቸው ነበር። ግን ብልጫ ከትርፍ በላይ ጣፈጣቸው።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ አያቴ የምትነግረን ተረት ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፈጣሪ ሰውየውን «የፈለግኸውን ለምነኝ፤ ለጎረቤትህ ግን እጥፉን እሰጠዋለሁ» አለው። ሰውየው አሰበ፣ አሰበና «አንድ ዓይኔን አጥፋልኝ» አለ። አያቴ ይህን ስትናገር ሁልጊዜ አንድ ዓይኗን በመዳፏ ትከድን ነበር። ታጅፌል ጥናቱን ያሳተመው በ1970 ነው፤ አያቴ ትንሽ ትቀድመዋለች።

እንግዲህ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። «በቃ፣ ሰው እንዲህ ነው። በደሙ ነው። ወረቀት ብትሰጠው በወረቀት ይጣላል» ይላል። ሻይ ቤትም፣ ቴሌቪዥን ላይም፣ ፌስቡክ ላይም የምሰማው ይህንኑ ነው። እኔ ዛሬ የመጣሁት ይህን ልሞግት ነው። ልጆቹ ወገናቸውን ጠቀሙ እንጂ ማንንም አልመቱም። ወገንን መውደድ በነጻ ይገኛል። ሌላውን መጥላት ግን ወጪ አለው፤ ሠራተኛ ይፈልጋል።

ማስረጃዬ ምንድን ነው? አንዱ ከጎረቤቶቻችን የመጣ ነው። ማሪሊን ብሪወር እና ዶናልድ ካምቤል የተባሉ አጥኚዎች በኬንያ፣ በኡጋንዳ እና በታንዛኒያ 30 ብሔረሰቦችን አጠኑ፤ ከየአገሩ አሥር፣ ከየብሔረሰቡ 50 ሰው። መጽሐፉ በ1976 ወጣ። ሁሉም፣ ያለምንም ልዩነት፣ ራሱን ከሌላው የበለጠ ታማኝና ደግ ነው ብሎ ያምናል። ሠላሳዎቹም! ግን ራሱን አብዝቶ የሚያደንቀው ቡድን ጎረቤቱን አብዝቶ የሚጠላው አልነበረም። ሁለቱ ነገሮች አልተያያዙም። «እኛ ጎበዞች ነን» ማለት «እነሱ ይጥፉ» ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ከጀርመን ነው። አሜሊ ሙሜንዳይ የምትባል ተመራማሪ በ1990ዎቹ የታጅፌልን ጨዋታ ገለበጠችው። ነጥብና ሳንቲም በማደል ፈንታ ደስ የማይል ጩኸት አስታደለች። ማን ስንት ሰከንድ ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ ይስማ? ጥሩ ነገር ሲያካፍል ያደላ የነበረው ሰው ክፉ ነገር ሲያካፍል እኩል አካፋይ ሆነ። አድልዎው ጠፋ። አንድ «ግን» አለው፤ እሱን ያዙልኝ። ቡድኑ ጥቂት እንደሆነ ወይም የተናቀ እንደሆነ ሲነገረው አድልዎው ተመልሶ መጣ። ሌላው ላይ ጩኸት መጫን ጀመረ።

ስለዚህ ጥላቻን ማምረት የሚፈልግ ሰው ሥራው ምንድን ነው? «ወገንህን ውደድ» ማለት አይደለም፤ ያንን ማንም ያደርገዋል። ሥራው «ሊያልቁህ ነው፣ ንቀውሃል፣ ቀድመህ ካልያዝከው ይይዝሃል» እያሉ ማደር ነው።

አሁን ወደምወደው ታሪክ ልግባ። ሻዩ እየቀዘቀዘ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ትንሽ ታገሱኝ።

ሙዛፈር ሸሪፍ ቱርካዊ ነው፤ ኢዝሚር አካባቢ በ1906 ተወለደ። በ1919 የግሪክ ጦር ኢዝሚር ሲገባ ገና ልጅ ነበር። አጠገቡ ሰው ሲገደል አይቷል፤ እሱም ለትንሽ ተርፏል። እንደ ታጅፌል ሁሉ ይህ ሰው ወደዚህ ጥያቄ የመጣው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ተቃጥሎ ነው።

ሸሪፍ አሜሪካ ገባ። በ1954 ክረምት ኦክላሆማ ውስጥ ሮበርስ ኬቭ በሚባል ፓርክ 22 ልጆችን ካምፕ አስገባ። ዕድሜያቸው 11 ገደማ ነው። ሁሉም ነጮች፣ ሁሉም ፕሮቴስታንት፣ ሁሉም ጥሩ ኑሮ ካለው ቤት የመጡ። ሆን ብሎ ነው፤ ለመጣላት ምክንያት የሚሆን ልዩነት እንዳይገኝ። በሁለት አውቶቡስ፣ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሆነው መጡ። አንደኛው ቡድን ሌላው መኖሩን አያውቅም። ሸሪፍ ራሱ የካምፑ ጽዳት ሠራተኛ መስሎ ዞር ዞር ይላል። እስቲ ይታያችሁ፣ ፕሮፌሰሩ መጥረጊያ ይዞ፣ ጆሮው ቆሞ።

የመጀመሪያው ሳምንት ዋና፣ ድንኳን፣ ሳቅ ነው። አንደኛው ቡድን ራሱን «ንስሮች» አለ፣ ሌላው «እባቦች»። ከዚያ ማዶ ሌላ ቡድን መኖሩን ሰሙ። ወዲያው «እንግጠማቸው!» አሉ። ውድድር ተዘጋጀ። አሸናፊዎቹ ሜዳሊያና ሰንጢ ያገኛሉ፤ ተሸናፊዎቹ ምንም። ለ11 ዓመት ልጅ ሰንጢ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ያሉት አባቶች ያውቃሉ።

ንስሮቹ ገመድ ጉተታ ተሸንፈው ሲመለሱ የእባቦቹን ባንዲራ ሜዳው ላይ አገኙትና አቃጠሉት። ከዚያ በኋላማ ሌሊት ቤት መበርበር፣ አልጋ መገልበጥ፣ ካልሲ ውስጥ ድንጋይ ሞልቶ መጠበቅ ሆነ። ሲያልፉ አፍንጫ ይይዛሉ። የምወዳት ዝርዝር ግን ይቺ ናት። እባቦቹ ተሳዳቢዎች ነበሩ። ንስሮቹ ሲያሸንፉ «እኛ ስለምንጸልይ ነው፤ እነሱ ስለሚሳደቡ ነው» አሉና መሳደብ አቆሙ። ከዚያ በፊት ራሳቸውም ይሳደቡ ነበር። አሁን አለመሳደብ «የእኛ ባህል» ሆነ። ባህል ሲወለድ በዓይናችን አየን ማለት ነው።

ሊያስታርቋቸው ሲፈልጉ መጀመሪያ የሞከሩት እኛም የምንሞክረውን ነው፤ አብሮ ማብላት። አንድ አዳራሽ አስገብተው ማዕድ አቀረቡላቸው። ምግቡን ተወራወሩበት። ይህን ስናገር አንዳንድ ሰው ቅር ይለዋል፤ አብሮ መብላት እኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነውና። ግን ቁጭ ብሎ መብላት ብቻ አልበቃም። የበቃው ውኃ ሲቋረጥ ነው። ከተራራው የሚመጣው ውኃ ቆመ (ያቆሙት አጥኚዎቹ ናቸው)፤ ሁለቱም ቡድኖች ጠምቷቸው ቧንቧውን አብረው ፈተሹ። ፊልም ለመከራየት ገንዘብ አዋጡ። ምግብ የሚያመጣው መኪና አልነሳ ሲል ያንኑ የተጣሉበትን ገመድ አስረው በአንድ ወገን ጎተቱት። ወደ ቤት ሲመለሱ በአንድ አውቶቡስ እንሂድ አሉ። መንገድ ላይ እባቦቹ ያሸነፉት አምስት ዶላር ነበራቸው፤ ለሁሉም የወተት መጠጥ ገዙበት።

ደስ የሚል ታሪክ ነው። በየመማሪያ መጽሐፉ አለ፣ እኔም ለዓመታት እንዲሁ አስተማርኩት።

ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1953፣ ሸሪፍ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ሚድል ግሮቭ በሚባል ቦታ ያንኑ ነገር ሞክሮ እንደነበር ግን ለረዥም ጊዜ ብዙ አልተወራም።

በዚያኛው ካምፕ ልጆቹ መጀመሪያ አብረው ነው የገቡት። ተዋወቁ፣ ተቀላለዱ፣ ጓደኛ ያዙ። ከዚያ ጓደኛን ከጓደኛ እየነጠሉ ለሁለት ከፈሏቸው፤ «ፓንተሮች» እና «ዘንዶዎች»። አወዳደሯቸው። ዘንዶዎቹ ገመድ ጉተታ ተሸነፉ፤ «ፓንተሮቹ ይበልጡናል፣ ይገባቸዋል» ብለው አጨበጨቡ። አጥኚዎቹ ደነገጡ። እሳቱ አልያዘም። ስለዚህ ማራገብ ጀመሩ። የልጆች ልብስ ደበቁ። ልጆቹ ተሰብስበው መከሩና «ላውንደሪ ቤት ተቀይሮ ይሆናል» አሉ። ድንኳን ጣሉ። ዘንዶዎቹ አንድ በአንድ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጃቸውን ጭነው «እኛ አይደለንም» ብለው ማሉ። ፓንተሮቹ አመኗቸው፤ ነገሩ አለቀ። በመጨረሻ ከአጥኚዎቹ አንዱ የፓንተሮቹን ድንኳን አፈረሰ፣ ሻንጣቸውን ጫካ ወረወረ፣ የአንዱን ልጅ ትንሽ ጊታር የምትመስል ዩኩሌሌ ሰበረ።

ልጆቹ ምን አደረጉ? ድንኳኑን አብረው መልሰው ተከሉ። ከዚያ ዞር ብለው ትልልቆቹን አዩአቸው። አንዱ ልጅ «ምናልባት ምን እንደምናደርግ ለማየት ፈልጋችሁ ይሆናል» አላቸው።

11 ዓመቱ ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ ስልኬ ላይ አንድ የሚያናድድ ቪዲዮ ሲደርሰኝ ይህን ጥያቄ የማስታውሰው ከላክሁት በኋላ ነው።

ሸሪፍ ተናደደ። ከረዳቱ ጋር ለድብድብ እስከ መጋበዝ ደርሰው ነበር ይባላል። ካምፑ ተዘጋ። በዓመቱ ኦክላሆማ ላይ ስህተቱን አርሞ መጣ። የትኛውን ስህተት? ልጆቹ ቀድመው እንዲተዋወቁ መፍቀዱን። ለዚህ ነው ሁለት አውቶቡስ ያስፈለገው።

እንዳትሳሳቱ፤ አንድ ካምፕ ስለዓለም ሁሉ አይመሰክርም። ሁለት ደርዘን ልጆች ናቸው። ሸሪፍም ክፉ ሰው ነበር እያልኩ አይደለም፤ ጠብ የሚመጣው ከሰው ባሕርይ ሳይሆን ከሁኔታው ነው ብሎ ሊያሳይ የደከመ ሰው ነው። እኔ የምለው፣ ጠቡ በራሱ ሲመጣ አላየነውም ነው። ሁለቱም ጊዜ ሠራተኛ ነበረው፣ በጀትም ነበረው።

ባለፈው ክረምት ሰፈራችን ሰው ሞተ። ሊነጋጋ ሲል የእድሩ ጥሩምባ ነፊ መጣ። ዝናብ አለ። ወጣሁ። ድንኳን መትከል ነው። ሸራውን በአንድ ጠርዝ ያዝኩ፤ ቀና ስል በሌላው ጠርዝ የቆመው ማን ነው? በፖለቲካ ወሬ ተኳርፈን ሁለት ወር ሰላም ያልተባባልነው ጎረቤቴ። «ሳብ!» አለኝ። ሳብኩ። «ኧረ ላላ አድርገው፣ ካስማው ተነቀለ!» አላላሁ። ውኃው በእጅጌዬ ገብቶ በክርኔ ይወርዳል። ኩርፊያው በዚሁ አለቀ። ይቅርታ የጠየቀ የለም። ስለ ፖለቲካውም አሁንም አንስማማም፤ እሱ እኮ ተሳስቷል። (ሳቅ)

ጎርደን ኦልፖርት የሚባል አሜሪካዊ፣ እዚያው በ1954፣ ቡድኖች መገናኘታቸው ብቻ እንደማይበቃ ጽፎ ነበር። እኩል ሆነው ይገናኙ፣ አንድ ግብ ይኑራቸው፣ ለግቡ ይተጋገዙ፣ ደንብ ወይም ባለሥልጣን ይደግፋቸው አለ። በ2006 ሌሎች ሁለት ምሁራን 515 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ መገናኘት ጭፍን ጥላቻን በአመዛኙ እንደሚቀንስ፣ የኦልፖርት ነገሮች ሲኖሩ ደግሞ ይበልጥ እንደሚቀንስ አገኙ። እኔ ይህን ሳነብ የታየኝ የሰፈር እድር ነው። ባለ ፎቁም ባለ ቆርቆሮውም ካልመጣ እኩል ይቀጣል። ሲመዘግቡህ የሚጠይቁህ ቤትህ የት እንደሆነና መዋጮህን እንደምትከፍል ነው። በብሔርና በሃይማኖት የተቋቋሙ እድሮችም አሉ፤ እነሱን አይደለም የማወራው።

እዚህ ላይ ግን ቶሎ ደስ አይበለን። ኢራቅ ውስጥ ሳልማ ሙሳ የምትባል አጥኚ በአይሲስ የተፈናቀሉ ክርስቲያኖች የኳስ ቡድኖችን ይዛ ሞከረች። ለአንዳንዱ ቡድን ሙስሊም ተጫዋቾች ተጨመሩለት፣ ለአንዳንዱ ክርስቲያን ብቻ። ጥናቱ በ2020 ታተመ። ከሙስሊም ጋር የተጫወቱት ክርስቲያኖች ከወራት በኋላም አብረው ይሠለጥኑ ነበር። ለጨዋነት ሽልማት ሌላ ቡድን ውስጥ ላለ ሙስሊም ድምፅ ሰጡ። ሜዳው ላይ ተሳክቷል። ሞሱል ሄዶ ሙስሊሞች የሚበዙበት ምግብ ቤት መመገብ ላይ ግን ያን ያህል ለውጥ አልታየም።

ይህን እኛም እናውቀዋለን። ስንት ጊዜ ሰምታችኋል፦ «አንተ እኮ ትለያለህ። አንተ ጥሩ ሰው ነህ፤ እነዚያ ግን...» ምስጋና ይመስላል። አንድ ሰው ከአጥሩ ውስጥ ገብቷል፤ አጥሩ ግን እንደቆመ ነው።

እንዲያውም አጥሩን ማስፋት ራሱ ውጭ የሚቀር ሰው አያጣም። እንግሊዝ አገር ላንካስተር ዩኒቨርሲቲ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎችን ጠርተው ስለ ክለባቸው አስወሯቸው። ከዚያ ግቢ ሲያቋርጡ አንድ ሯጭ ፊታቸው ተንሸራቶ ይወድቃል፤ ተዋናይ ነው። የዩናይትድ ማሊያ ከለበሰ ከ13ቱ 12ቱ ረዱት። የሊቨርፑል ከለበሰ ከ10 ሦስት። ሌላ ጊዜ ስለ ክለባቸው ሳይሆን ስለ ኳስ ፍቅር አስወሯቸው። አሁን ሊቨርፑሉን ከ10 ሰባቱ አነሱት። ማሊያ ያልለበሰው ግን ከ9 በሁለቱ ብቻ ነው የተነሳው። ኳስ የማትወዱ ወንድሞቼ፣ ስትሮጡ ተጠንቀቁ።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔን ያሳመነኝ ነገር ሩዋንዳ ውስጥ ነው ያለው። ሩዋንዳ ላይ ሠራተኛውም በጀቱም በግልጽ ይታያል። ራዲዮ ሚል ኮሊን በ1993 ሥርጭት ጀመረ፤ ዘፈን፣ ቀልድ፣ ከዚያ የሚገደሉ ሰዎችን ስም መጥራት። በ1994 ኬላ ላይ የሚታየው መታወቂያ ነበር፤ ብሔር የምትል መስመር አለችበት። ይቺ መስመር የእኛንም የቀበሌ መታወቂያ ታውቀዋለች። መስመሯ ብቻዋን ሰው አትገድልም፤ ለዓመታት ኪስ ውስጥ ተጣጥፋ ትቀመጣለች። ጥያቄው ኬላ ላይ ቆሞ የሚያነባት ማን ነው የሚለው ነው።

ከዕልቂቱ አሥር ዓመት በኋላ «ሙሴኬዌያ» የሚባል የራዲዮ ድራማ ተጀመረ፤ አዲስ ንጋት ማለት ነው። የሁለት መንደሮች ጠብ፣ ፍቅር፣ እርቅ። ቤትሲ ሌቪ ፓሉክ የምትባል አጥኚ ለአንዳንድ ሰፈሮች ይህን ድራማ፣ ለሌሎቹ ስለ ጤና የሚያወራ ድራማ ዓመት ያህል አሰማቻቸው። ውጤቱ እንግዳ ነው። ሰዎቹ በልባቸው የሚያምኑት ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው በመንደራቸው ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚገባ ያላቸው ግምት ነው። በመጨረሻ ለየቡድኑ አንድ ቴፕና ካሴቶች ተሰጡ። የጤናውን ድራማ የሰሙት በአብዛኛው «ለአካባቢው ኃላፊ ይሰጥ» አሉ። የእርቁን የሰሙት ተከራከሩ፣ ተነታረኩ፣ ከዚያ «የጋራችን ይሁን» አሉ።

ለዚህ ነገር እኛ የቆየ ቃል አለን። ነውር። ሰው በልቡ የሚያስበውን ማወቅ አትችልም። ሠርግ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ምን ቢናገር ዝም እንደሚባልና ምን ቢናገር «ኧረ ነውር ነው!» እንደሚባል ግን ታውቃለህ። የጥላቻ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያፈርሰው ይህንን ነው። ትናንት በሹክሹክታ የሚባለውን ዛሬ በማይክራፎን ያስብላል። ሰው እምነቱን ሳይለውጥ አፉን ይለውጣል። ከዚያ እጁን።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ላስፍር።

ፊት ወንበር ላይ የነበሩ አንድ አባት ተነሱ። «ልጄ፣ ደክመህ ነገርከን፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ ከአረንጓዴዎቹ ነኝ» አሉ። (ሳቅ) «ነገር ግን እነዚያ ልጆች የሚያስቀይማቸው ነገር አልነበረም። የእኛ ሰው በእውነት የተበደለ አለ። ልጁ የሞተበት አለ። እሱንስ የሰው ወሬ ነው ልትለው ነው?»

«አልለውም አባቴ» አልኳቸው። «ትክክል ነዎት። እኔ የነገርኳችሁ ጠብ እንዴት እንደሚጀመር ነው። ደም ከፈሰሰ በኋላ ሌላ ነው። የተበደለው ሰው በደሉ ተቆጥሮ፣ ያደረገው ሰው በስሙ ተጠርቶ መጠየቅ አለበት። በስሙ ነው የምልዎት። እገሌ ገደለ ሲባል ፍርድ ይሆናል፤ እነሱ ገደሉን ሲባል ግን ቀጣዩን ሟች መምረጥ ይሆናል።» ሙሉ በሙሉ የረኩ አልመሰለኝም። «እገሌን ማን ይዞ ያመጣዋል?» ብለው ተቀመጡ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ሁለተኛዋ ከኋላ የተነሳች ወጣት ነች። «የ1953ቱ ልጆች በኋላ ምን ሆኑ?» አለች።

አደጉ፣ ሠሩ፣ ወለዱ። ከ50 ዓመት በኋላ አንዲት ጸሐፊ ፈልጋ ስታገኛቸው ብዙዎቹ ጥናት ላይ እንደነበሩ እንኳን አያውቁም ነበር። አንድ ክረምት ግራ የሚያጋባ ካምፕ ሄደው እንደነበር ብቻ ያስታውሳሉ፤ ትልልቆቹ ሰዎች ዝም ብለው ይጽፉ እንደነበር። የተጣሉት ልጆች ታሪክ በየመጽሐፉ ታተመ። የእነዚህ ማስታወሻ ኦሃዮ ውስጥ አክሮን ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት ካርቶን ውስጥ ነው የተቀመጠው።